«እጅጉ» የተባለውን ሐረግ ከከተማችን ቅስት ስለማውረድ

ለክቡር አቶ እጅጉ ባዬ
የዋርካ ሜዳ ከተማ የውበትና የአረንጓዴ ልማት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ስብሰባ ሲረዝም የሚቆረጥምዎት ወገብዎ ሁሉም ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። ይህን ደብዳቤ ቆመው ከሆነ የሚያነቡት እባክዎ ይቀመጡ፤ እንደ ሁልጊዜው ተቀምጠው ከሆነም ወንበሩን በሁለት እጅዎ ያዝ ያድርጉ፤ የማረዳዎት መርዶ ቀላል አይደለምና። ዋርካ ሜዳ ጠፍታለች።

ጠፋች ስል አልቃሽ እንዳይጠሩ፤ ቤቱም ሰዉም ባለበት አለ። የጠፋው ስሟ ነው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚያልፍ መንገደኛ ሁሉ ከተማ መግባቱን የሚያውቀው ጽሕፈት ቤትዎ በመግቢያው ላይ ባቆመው የብረት ቅስት ነበር፤ «እንኳን ወደ ዋርካ ሜዳ በደህና መጡ» ይላል፤ ማለቴ ይል ነበር። እርስዎ ያስተከሉት ሐረግ ቅስቱን ከእግር እስከ ራሱ ስለጠቀለለው፣ ዛሬ ከጽሑፉ ሁሉ የምትታየው «ወደ» የምትለዋ ቃል ብቻ ናት። ወደ የት እንደሆነ ሐረጉ ያውቃል። ባለፈው ሳምንት አንድ የበቆሎ መኪና ሾፌር ዋርካ ሜዳ መሀል ላይ ቆሞ «ዋርካ ሜዳ ገና ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ገና ነህ፣ ቀጥል» አልኩት። ቡሬ ደርሶ ሲመለስ ጠብቄ ሰላም አልኩት፤ ሰላምታዬን ግን አልወደደውም።

እኔ ይታገሱ እባላለሁ፤ ከመናኸሪያው እስከ ገበያው በፈረስ ጋሪ ሰው የማመላልስ፣ ትምህርቴንም ከዘጠነኛ ክፍል ደጃፍ የመለስኩ ልጅ ነኝ። የፊደል ግድፈት ካገኙብኝ ለባለሙያዎ ይስጡልኝና ያርመው፤ ሐረጉን ከማረም ይቀለዋል።

አስቀድሜ ላመስግን፤ ምስጋና ያልቀደመው አቤቱታ ጠብ ይመስላል። የዛሬ ሦስት ክረምት ይህን ሐረግ በአንድ ያማረ ሆቴል አጥር ላይ አይተው፣ ወደውት፣ ቁራጩን በመኪናዎ ጭነው እንዳመጡልን እናስታውሳለን። ቅስቱ ሥር ሲተክሉት ፎቶ ተነሡ፤ ለእኛ በመንገዱ ዳር ለምንኖረውም አንዳንድ ቁራጭ ታደለን፤ «ዋርካ ሜዳን ሙሽራ እናደርጋታለን» ብለው ተናገሩ፤ እኛም አጨበጨብን። እነሆ ቃልዎ ተፈጸመ፤ ሙሽራዋ ዓይኗ እንኳ እስከማይታይ ተሸፍናለች። ሐሰት አልናገርም፣ ሐረጉ ያምራል። ቅጠሉ የልብ ቅርጽ ያለው፣ ወፈር ያለ፣ ቅቤ የተቀባ ይመስል የሚያብለጨልጭ ነው፤ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነጭ አበባው እንደ ድባብ ዘርፍ ይንዠረገጋል፤ ሽታውም ደስ ይላል። በሬው ሣሩን አይቶ ገደሉን ሳያይ ቀረ ይባላል፤ እኛ ግን ገደሉን ራሳችን ውሃ እያጠጣን ነው ያሳደግነው።

ዳሩ ግን ነገሬ ስለ ቅስቱ አይደለም፤ ስለ አንዲት ሴት ጌሾ ነው። አክስቴ እታለም አልጣሽ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከቅስቱ ዝቅ ብሎ በቦዩ ዳር ባለው የጌሾ ጓሮዋ ነው የምትኖረው። ሌላ እርሻ የላትም፤ ሌላ ገቢም የላትም። በዋርካ ሜዳ በሰርግ፣ በተዝካርና በአቦ ማኅበር የሚጠጣ ጠላ ሁሉ የእሷን ጌሾ ቀምሷል፤ እርስዎም ባለፈው ጥር «ይህ ጠላ እንዴት ያለ ነው» እያሉ ሦስተኛውን ጣሳ ሲቀበሉ ያደንቁ የነበረው እሷን ነው፣ ባያውቋትም። ይህ ጓሮ ከሄደ እታለም አልጣሽም ቤቷን ዘግታ ወደ ወንድሟ አገር መሄዷ ነው፤ ይህንንም በቀልድ አይደለም የምትናገረው፤ ሣጥኗን አንድ ጊዜ አውጥታ ስትጠርግ አይቻለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ስለዚሁ ነው።

እንግዲህ ወደ ቅሬታዎቼ ልግባ። በቁጥር አስቀምጣቸዋለሁ፤ ቁጥር የሌለው ነገር በጽሕፈት ቤትዎ እንደማይነበብ ሰምቻለሁ።

አንደኛ። ባለፈው ዓመት ከዞን እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ ሐረጉ እንዲከረከም አዘዙ። ጥሩ ትእዛዝ ነበር። ሠራተኞችዎ ቅስቱን እንደ ሙሽራ ሚዜ ፀጉር አሳምረው አስተካከሉት፤ ቁርጥራጩን ሁሉ ደግሞ ጠራርገው ቦዩ ውስጥ ጣሉት። እንግዶቹ አልመጡም። ዝናቡ መጣ። ቦዩም የተሰጠውን ሁሉ በአደራ ተሸክሞ እታለም አልጣሽ ጓሮ ድረስ አደረሰላት። ስለ ነፃ የማጓጓዝ አገልግሎትዎ በእሷ ስም አመሰግናለሁ፤ እኔ በጋሪ ብሆን አስከፍል ነበር። በመስከረም ሐረጉ ጌሾው ሥር ጣት ጣት አከለ፤ በጥር ጌሾውን ከላይ ተቀምጦ ቁልቁል ይመለከተው ጀመር፤ አሁን ጌሾው ከክብደቱ ጎብጦ፣ ፀሐይ አጥቶ፣ ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል። ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶች፤ እኛ የተቃጠልነው በቅጠሉ ነው።

ሁለተኛ። እታለም አልጣሽ ሕግ አክባሪ ሴት ስለሆነች፣ የመንግሥት ተክል መስሏት ሳትጠይቅ ላለመንቀል ብላ ወደ እርስዎ ዘንድ ላከችኝ። ጨዋ ሰው የሚሠራው ስሕተት ይህ ነው፣ ምን ይደረጋል። አንድ ቅርንጫፍ ይዤ መጣሁና ይህ ተክል ማን እንደሚባል፣ መነቀልም ይችል እንደሆነ እንዲነገረኝ በትሕትና ጠየቅሁ። የመጀመሪያው ባለሙያዎ አገላብጦ አየውና «የጌጥ ተክል ነው» አለኝ፤ የሰውየው ስም ማነው ሲባል መልከ መልካም ነው ብሎ እንደ መመለስ ያለ ነው። ሁለተኛው «አገር በቀል ሳይሆን አይቀርም» አለ፤ አይቀርም ያለው ግን ሻዩ እየቀዘቀዘበት ነበር። ሦስተኛው ቅጠሉን አሽቶ፣ አሽትቶ፣ ለሆድ ቁርጠት ፍቱን እንደሆነ መሰከረ፤ ምንም እንኳ ሆዱን የቆረጠው ሰው በከተማው ባይገኝም። በመጨረሻ ከእርስዎ ዘንድ ማስታወቂያ ወጣ፤ «ተክሉ በስሙ ተለይቶ እስኪታወቅ ድረስ ማንም እንዳይነካው» የሚል። ማስታወቂያው ቅስቱ ላይ ተለጠፈ። ሐረጉ በሳምንቱ ሸፈነው።

ስም የሌለው ነገር በሰው አፍ አይመችም፤ ስለዚህ ሕዝቡ፣ እርስዎ እንዳመጡት በማሰብና ውለታዎን ለማስታወስ ሲል፣ ሐረጉን «እጅጉ» ብሎ ሰየመው። እኔ አይደለሁም የሰየምኩት፤ እኔ ያሰራጨሁት ነኝ። ከዚያ ወዲህ ገበያ ውስጥ የሚሰማው ወሬ ጆሮ ያሳክካል። አንዷ «እጅጉ አጥሬን ሰበረው» ትላለች፤ ሌላዋ «እኔስ ደግሞ አናቴ ላይ ወጥቶብኛል፣ ብነግረው አይሰማ» ብላ ትመልሳለች። በአንድ ጎረቤቴ ቤት ግን ነገሩ ከረር ብሎ ነበር፤ ሚስትዮዋ በአጥር ላይ ለጎረቤቷ «እጅጉ ትናንት በመስኮት ገባብኝ» ስትል ባልየው ከእርሻ ሲመለስ ሰማና ዱላውን ከበሩ ኋላ አነሣ። ሄዶ መስኮቱን እስኪያይ ድረስ በጽሕፈት ቤትዎ ላይ ትልቅ አደጋ አንዣብቦ እንደነበር፣ ስለ ደህንነትዎም እኔ መሀል ገብቼ እንደነበር እንዲመዘገብልኝ እጠይቃለሁ።

ሦስተኛ። ይህ ሐረግ በየቅጠሉ ብብት ሥር ጠጠር የመሰለች፣ ጎርበጥባጣ፣ ትንሽ ድንች ያበቅላል። ጎረቤታችን አያ ላቀው ደግሞ ከመራዊ በላይ ቆጋ መስኖ ላይ አንድ በጋ ድንች ሲቆፍር ከርሞ ከመጣ ጊዜ ጀምሮ ስለ ድንች ከእሱ በላይ የሚያውቅ እንደሌለ ያምናል። እነዚያን ከላይ የሚረግፉ ድንቾች ባየ ጊዜ «መሬት ሳይነካ የሚያፈራ ምርጥ ዘር ነው፣ ቆጋ እንኳ የለም» ብሎ በጆንያ ለቅሞ፣ መደብ አውጥቶ፣ ፍግ አልብሶ ዘራቸው። ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ እንደሚባለው፣ ሐረጉ የዶሮ ቤቱን እስኪያዝለው ድረስ አላመነም። ይህን እንኳ ለአያ ላቀው ይቅር እንልለታለን፤ የጎጃም ሰው ድንች የሚመስል ነገር አይቶ ዝም ማለት ይከብደዋል። የሚገርመው ግን በዚያው ወር ባለሙያዎ መጥቶ መደቡን ፎቶ ማንሣቱና አያ ላቀውን «ሞዴል አልሚ» ብሎ መሄዱ ነው። አያ ላቀው አሁን ዶሮዎቹን የሚፈልገው በድምፃቸው ነው።

አራተኛ፣ ይህንስ ቀስ ብዬ ነው የምናገረው፤ ሐረጉ አቦ ቤተ ክርስቲያን ገባ። በግንቡ ተሻግሮ ወይራውን ያዘ፣ ከወይራው ጽዱን ያዘ። እንደሚያውቁት በአቦ ደን ቅጠል የበጠሰ ሰው እጁ ይደርቃል ሲባል ነው ያደግነው፤ ስለዚህ በውጭ በእርስዎ ማስታወቂያ፣ በውስጥ በአቦ ግዝት ተጠብቆ፣ በዋርካ ሜዳ ከሁላችንም ይልቅ ዋስትና ያለው ፍጡር እሱ ሆነ። አንዳንድ እናቶች እንዲያውም የአበባውን ሽታ አሽትተው «አቦ ወደውት ነው» እስከማለት ደርሰው ነበር። ሃይማኖቱን ግን እጠራጠራለሁ። እኛ ሰንበት ነው፣ ማርያም ናት፣ ሚካኤል ነው ብለን እርፍ ስናስቀምጥ፣ እሱ በበዓልም በአዘቦትም ያድጋል፤ በአቦ ዕለት ራሱ ክንድ ሙሉ ጨምሮ አይቼዋለሁ።

አምስተኛውን ቅሬታ ትቼዋለሁ፤ ትዕግሥቴ እያለቀ ነው፣ ደመናውም በጮቄ በኩል እየጠቆረ ነው።

ስሙ በመጨረሻ ተገኘ። ለፋሲካ የመጣችው የእታለም አልጣሽ ልጅ ውዳሴ፣ ባሕር ዳር የዕፅዋት ትምህርት የምትማረው፣ ጓሮው ውስጥ ገብታ ቅጠሉን አየች፣ ግንዱን ዳሰሰች፣ በቅጠሉ ብብት ያለችውን ድንች ቆርጣ ውስጧን አየች፣ ከመጽሐፏም ጋር አስተያየች። የማዴራ ሐረግ ይባላል አለችን። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ለጌጥ ብለው ነው ባሕር ያሻገሩት፤ በደረሰበት ሁሉ ዛፍ ላይ ወጥቶ አንቆ ይሰብራል። ሌላ የሚመስለው ሐረግ ብዙ ነው፣ ግንዱ ላይ ድንች የሚያንጠለጥለው ግን እሱ ነው፤ ሰው የሚለየውም በዚያ ነው አለች። ከሁሉ የከፋውን ቀጠለች፤ ዝም ብለው ከቆረጡት ከላይ ያሉት ድንቾች እንደ በረዶ ይረግፋሉ፣ የረገፈችው ሁሉ ትበቅላለች፣ ውሃ የወሰዳትም በደረሰችበት ትበቅላለች። እናቷ ይህን ስትሰማ ጌሾዋ ሥር ቁጭ አለችና «ታዲያ እኔ ሳጠጣው ነበር የከረምኩት» አለች። እኔ እንኳ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቀልድ አጣሁ።

ስሙን ጽፌ ወደ እርስዎ አመጣሁ፤ «ተለይቶ እስኪታወቅ» ብለዋልና ተለየ ብዬ። ስሙ የታወቀው በጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ስላልሆነ እንዳልታወቀ ይቆጠራል የሚል መልስ በጸሐፊዎ በኩል ደረሰኝ። ይህን መልስ ላገኘሁት ሁሉ ነገርኩ፤ ያልሳቀ ፈረሴ ብቻ ነው።

በዚያው ሰሞን የአቦ ወይራ አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ ከሐረጉ ክብደት ተገንጥሎ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ወደቀ። ሰው አልነካም፤ አቦ ጠበቁን። መሪጌታ ገብረሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን በወደቀው ቅርንጫፍ ዙሪያ አቆሙና እንዲህ አሉ፤ «እኛ የማልነው ዛፉን ልንጠብቅ ነው። ዛፉን የሚያንቀውን እየጠበቅን ዛፉን ጠበቅን ማለት ምን ዓይነት መሐላ ነው?» ከዚያ ካባቸውን ለዲያቆኑ ሰጥተው፣ እጀ ጠባባቸውን ሰብስበው፣ የመጀመሪያውን ሥር ራሳቸው ነቀሉ። እጃቸው አልደረቀም። እንዲያውም እስከ ማታ ሲያሠሩን ዋሉ።

ደቦ ወጣን ክቡር ሆይ። ሥራውን ውዳሴ እንዳዘዘችን እንደ አውድማ ነው የሠራነው፤ ከየዛፉና ከየጌሾው ሥር ሸራና ጆንያ አነጠፍን፣ ሐረጉን ከላይ ወደ ታች ቀስ እያልን አወረድን፣ የረገፈውን ድንች እንደ ጤፍ ሰብስበን በጆንያ ቋጠርን፣ ሥሩን በዶማ ተከትለን አወጣን፣ ከዚያ ሁሉንም በቆርቆሮ ላይ አድርቀን አቃጠልን። አያ ላቀው ምርጥ ዘሩን ራሱ ተሸክሞ ሲያመጣ አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ «አያ፣ ለእሳት የሚሆነው ምርት በሄክታር ስንት ይሰጣል?» ብዬ ብጠይቀው በጆንያው መታኝ። የእታለም አልጣሽ ጌሾም ከዚያ ሁሉ ሥር ወጣ፤ ጎብጧል፣ ግን ቆሟል፤ በየጉልበቱም አዲስ ቅጠል ሲያወጣ እያየን ነው።

አሁን በመላው ዋርካ ሜዳ ያልተነካ አንድ ሐረግ ቀርቷል፤ ቅስቱ ላይ ያለው፣ የሁሉም እናት። እሱን ያልነካነው ማስታወቂያዎ ስላለበትና ቅስቱ የጽሕፈት ቤትዎ ንብረት ስለሆነ ነው። ቦዩ ከሥሩ ይጀምራል፤ ቦዩ እታለም አልጣሽ ጓሮ ያልቃል። ሰኔ ሲገባ የመጀመሪያው ዶፍ ያንን ሁሉ ድንች ጠርጎ እንደገና ለእሷ ያደርስላታል፤ ያን ጊዜ ደቦ ማንም አይወጣም፣ ሁሉም እርሻው ላይ ነው፤ እሷም ሣጥኗን ሁለተኛ ጊዜ ታወጣለች። እኔም በየማታው እየወጣሁ ደመናውን ስመለከት ሰፈሩ ፍቅር የያዘኝ መስሎት ጨርሷል።

ይህን ሁሉ ወረቀት ካስነበብኩዎት በኋላ እውነቱን ብናገር ይሻላል፤ ነገሩ ትንሽ ነው። መርዶም አይደለም፣ ከተማም አልጠፋችም፣ ዞን የሚያደርስም አይደለም። አንድ ማለዳ፣ ጥቂት ዶማ፣ የአያ ላቀው ሸራ፣ ከእርስዎ ደግሞ «እሺ» የምትል አንዲት ቃል፤ ሌላ ምንም የለበትም። ይህችን ታህል ነገር ሦስት ባለሙያ፣ አንድ ማስታወቂያና አንድ ሙሉ ዓመት ስለፈጀችብዎ የጥፋቱ ባለቤት እኛ ነን፤ ትንሽ መሆኗን ቀደም ብለን አልነገርንዎትም።

ማክሰኞ በዓል የለውም። ማለዳ ቅስቱ ሥር እንገኛለን። እርስዎ እንዳይደክሙ፤ ከመጡ ግን ቦታ አለዎት፣ ዶማም አለዎት። ከሥራው በኋላም እታለም አልጣሽ ከዳነው ጌሾዋ የጠመቀችው ጠላ ይኖራል፤ ንግግር ግን አይኖርም።

ለሹመትዎ ዕድሜን፣ ለወንበርዎ ልስላሴን፣ ለብዕርዎም አንዲት ጠብታ ቀለምን ከልቤ እየተመኘሁ፣ ከእግርዎ በታች ሆኜ፣ ግን ከቅስቱ በላይ መሰላል ይዤ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ይታገሱ ቂርቆስ
ጋሪ ነጂ፣ ዋርካ ሜዳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ «ለሚመለከተው ክፍል ይመራ» ብለው እንዳይጽፉበት በትሕትና እለምናለሁ። በግቢዎ ጓሮ በኩል ያለውን የሚመለከተውን ክፍል ትናንት ሄጄ አየሁት፤ ቅስቱ ላይ ብቻ ቀረ ያልኩት ሐረግ እዚያም ኖሯል፤ የበሩን እጀታ ከመቃኑ ጋር በሦስት ዙር ጠምጥሞ አስሮታል። ውዳሴ እንደምትለው ይህን ያህል ለመጠምጠም በትንሹ ከጾመ ነነዌ ወዲህ ያለ ጊዜ ያስፈልገዋል። ውስጥ የተዘጋበት ሠራተኛ ካለ ግን ማክሰኞ አብረን እናስፈታዋለን፤ ደመወዙን በደህና ሲቀበል እንደከረመ ስለሰማን አልተጨነቅንም።